መንገዱ የዞረባት ሮሃ

ላሊበላ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ለዛሬ ዐይናችሁን ከዐለቱ አንሡና ወደ ገበያው መልሱ።

የከተማዋ የጥንት ስም ሮሃ ነው። ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ሲነግሥ፣ የዛግዌ መናገሻ በዚሁ አካባቢ፣ አደፋ ላይ ነበር። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠን ቤተ መንግሥት ከቀይ ባሕር ጋር የሚያገናኘው የሲራራ ነጋዴ ነው። ከአፋር በረሃ ጨው ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከደጋው ደግሞ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ይወርዳል። አዎ፣ ሰውም ይወርዳል።

ይህን መዝለል የሚወዱ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ አልዘለውም። ከባሕሩ ማዶ፣ በየመን ዘቢድ፣ እ.ኤ.አ. በ1022 ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ነጃህ ከአገራችን የተወሰደ ባሪያ ነበር። እርሱ ነገሠ፤ አብረውት የተሸጡትን ግን ማን ስማቸውን ጻፈ? ራእይ 18፥12-13ን አውጡና አንብቡ። የነጋዴዎቹ ጭነት ዝርዝር በወርቅ ይጀምርና በሰው ነፍስ ያልቃል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ቅድመ አያቶቻችሁ የኖሩበት ዘመን ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ዛግዌን ጥሎ ሲነግሥ ቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ አምሐራና ሸዋ ሄደ። ነጋዴም ቤተ መንግሥትን ይከተላል። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ በይፋት በኩል የሚወጣው መንገድ ዋና ሆነ፤ ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከይፋት ጋር የተዋጉት ስለ ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን ስለዚሁ መንገድም ነበር። ሮሃ አነሰች።

ከንግዱ በኋላ የቀረላት ምእመን ነው። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ሕንጻዎቹን ገልጾ ሲያበቃ፣ የሚያምነኝ የለም ብሎ እንደ ሠጋ ጽፏል። አንዳንዶቻችን ወንጌላውያን «የእነርሱ ታሪክ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ያ ስንፍና ነው፤ ጨው የተሸከመው የላስታ ገበሬ የሁላችንም አያት ነው።

በዘመናችን ደግሞ ጎብኚ እንደ ሲራራ ነጋዴ ሆኖላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፣ በ2021 ጦርነቱ መጡና መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ሆቴሎች ባዶ ቀሩ፤ አስጎብኚ የነበሩ እኩዮቻችሁ ሥራ ፈቱ። የቅዳሜው ገበያ ግን ለጎብኚ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ገበሬው ከየቀበሌው እህሉንና ማሩን በአህያ ጭኖ ዳገቱን ይወጣል።