መጽሐፍ የጫነው ሲራራ

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያና በአጎራባቾቿ አገሮች ዕቃን ከገበያ ወደ ገበያ ያመላልስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ነበር። በደጋው በቅሎና አህያ፣ በቆላው ግመል ጨውንና ጨርቅን፣ ቡናንና ሙጫን ተሸክመው አገር ከአገር ያገናኙ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ግመል ትርፍ የማይጠየቅበት አዲስ ሸክም ተጫነ፤ ይኸውም መጽሐፍ ነው።

የዚህ ሥራ ምክንያት በድንበር ከተማይቱ በሞያሌ ዙሪያ፣ በኬንያ ግዛት በምትገኘው በጎዶማም አካባቢ ግልጥ ሆኖ ይታያል። ምድሩ ደረቅ በመሆኑ አርብቶ አደሩ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ውኃና ግጦሽ ይከተላል። ትምህርት ቤቱ በተተከለበት ይቀራል፤ ልጁ ግን ዝናብን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ወላጅ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ወይ ልጁን ከመንጋው፣ ወይ ልጁን ከትምህርቱ መለየት ነው።

ከሞያሌ በስተደቡብ በምትገኘው በጋሪሳ፣ የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በሦስት ግመሎች ሥራ ጀመረ። አሸዋው ለመኪና አስቸጋሪ በሆነበት አገር ግመል መጽሐፉን በሣጥን፣ ድንኳኑንም በጀርባው ይዞ ይሄዳል። ከመንደሩ ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፤ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሕፃናትም ተቀምጠው ያነባሉ፤ ተውሰውም ይወስዳሉ። ኋላም ሥራው ወደ ዋጂር ተስፋፍቶ የግመሎቹ ቍጥር 12 ደረሰ።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጥረት ታይቷል። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በ2005ም በአዋሳ አህያ የሚስበውን ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። በሶማሌ ክልል ደግሞ የሕፃናት አድን ድርጅት በ2010 በግመል መጽሐፍ ማዞር ጀመረ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ ግመሎቹ ከመንደር ወደ መንደር መመላለሳቸውን አላቋረጡም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ በጎ አድራጊ ስጦታ ሰጠ ይባላል፤ በቀጠሮው ቀን የሚመለስ ግን አደራ ይጥላል። መጽሐፍ የተዋሰ የእረኛ ልጅ መጽሐፉን ከአቧራና ከዝናብ ጠብቆ እንዲመልስ ታምኗል፤ አዋሹም በተባለው ቀን እንዲገኝ ቃል ገብቷል። ግመሉ በቀጠሮው ቀን የቀረ እንደሆነ የሚጐድለው የአንድ ቀን ንባብ ብቻ አይደለም፤ የተጣለው እምነት ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ሣጥን መምህርን አይተካም። ፊደል ላልቈጠረ ልጅ መጽሐፍ የተዘጋ በር ነው፤ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈም እንደዚያው ነው። ግመል መጽሐፉን ከድንኳኑ ደጃፍ ያደርሳል፤ ከገጹ ወደ ልቡና የሚያደርሰው ግን መምህር ነው። ስለሆነም ሲራራው ወደሚሄድበት ሁሉ መምህሩም አብሮ ሊሄድ፣ የትምህርት ሹማምንትም የትምህርቱን ጊዜ ከሕዝቡ ጉዞ ጋር ሊያስማሙ ይገባል። ሕዝብ መንገዱን ለትምህርት ቤት ሲል ከሚለውጥ ይልቅ፣ ትምህርት ቤት የሕዝቡን መንገድ ቢማር ይቀላልና።