ስለ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ዕንቅልፍ፥ ከጥፋትም በኋላ ስለ መንቃት፤ ታሪክና ሐተታ

ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ንጉሥ እጅ እንደምትወድቅ ስለ ተናገረ፥ መኳንንቱ ተቈጥተው በንጉሡ ልጅ በመልክያ ጕድጓድ ጣሉት። በጕድጓዱም ውኃ አልነበረበትም፥ ጭቃ ብቻ ነበር እንጂ። ከቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ሁሉ ስለ ነቢዩ የተናገረ አንድ ሰው ተገኘ፤ እርሱም አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነው። ወደ ንጉሡ ወደ ሴዴቅያስ ገብቶ ነቢዩ በራብ እንዳይሞት ለመነ፤ በንጉሡም ቃል 30 ሰዎች ይዞ ሄደ። ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አስቦ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ አወረደለት፤ እንዲህም አድርጎ ስቦ አወጣው። ይህ በትንቢተ ኤርምያስ በ38ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። በ39ኛው ምዕራፍም ከተማዪቱ በጠፋች ቀን እርሱ በሰይፍ እንደማይወድቅ ተስፋ ተሰጠው። በምን ጥበብ እንደ ዳነ ግን ትንቢቱ አይገልጥም፤ የሚገልጠው ተረፈ ባሮክ ነው።

ይህ መጽሐፍ በግሪክም በሌላም ቋንቋ ይገኛል፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ ይቈጠራል። የግእዙንም ንባብ ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ዲልማን በ1866 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤርምያስ የከተማዪቱ ጥፋት እንደ ደረሰ ባወቀ ጊዜ፥ ከጭቃ ያወጣው ያ ሰው ጥፋቱን በዓይኑ እንዳያይ ወደ እግዚአብሔር ለመነ። እግዚአብሔርም በተራራው መንገድ ወደ አግሪጳ የወይን ቦታ ስደደው፥ እኔ እሰውረዋለሁ አለው። ኤርምያስም ለአቤሜሌክ ቅርጫት ሰጥቶ ለሕዝቡ ድውያን የሚሆን በለስ እንዲያመጣ ላከው። እርሱም በለሱን ለቅሞ ሲመለስ ፀሐይ ስለ በረታችበት ከዛፍ ጥላ በታች ተቀመጠ፤ ጥቂት አርፋለሁ ብሎ ራሱን በቅርጫቱ ላይ ቢያዘነብል 66 ዓመት ተኛ። በዚያው ወራት የከለዳውያን ሠራዊት ገብቶ ከተማዪቱን አጠፋ፥ ሕዝቡንም ማረከ።

በነቃም ጊዜ ራሱ ከበደው፤ ዕንቅልፉን ያልጠገበ መሰለው። በለሱን ገልጦ ቢያይ ገና ወተቱ ይንጠባጠባል። ጥቂት ልተኛ ብሎ አሰበ፥ ነገር ግን የላከው ሰው እንዳይቈጣው ፈርቶ ተነሣ። ከተማ በገባ ጊዜ ቤቱን አላወቀም፥ ወገኑንም አላገኘም። መንገድ ስቼ ይሆናል ብሎ ወጣ፤ የከተማዪቱን ምልክት አይቶ ተመለሰ፤ ደግሞም ማንንም ቢያጣ ከውጭ ተቀምጦ አዘነ። ከእርሻ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ባየ ጊዜ ይህች ከተማ ማን ናት፥ ካህኑ ኤርምያስስ ወዴት አለ ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌውም ከተማዪቱ ኢየሩሳሌም እንደ ሆነች፥ ኤርምያስም ከሕዝቡ ጋራ በባቢሎን እንዳለ ነገረው። አቤሜሌክ ሽማግሌን ማቃለል ነውር ባይሆንበት ኖሮ አብደሃል ሊለው ወደደ፤ በለሱንም ገልጦ አሳየው። ሽማግሌው ግን ልጄ ብሎ በርኅራኄ መለሰለት፤ ሕዝቡ ከተማረከ 66 ዓመት እንደ ሆነ ነግሮ፥ በእርሻው ያለውን ቡቃያ ተመልከት፥ አሁን የበለስ ወራት አይደለም አለው። ያን ጊዜ አቤሜሌክ አመነ።

ሐተታ። ዕንቅልፉን አልጠገበም ማለት፥ መከራን ላላየ ሰው 66 ዓመት እንደ ጥቂት ሰዓት ነው ማለት ነው። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ላለቀሰ ግን አንዲቱ ቀን ረጅም ናት። አንድም፥ የዳነ ሰው መዳኑን ሳያውቅ ይኖራል፤ ምን ያህል እንደ ተደረገለት የሚያውቀው ከሌላው አፍ ሲሰማ ነው።

66 ማለትም፥ ኤርምያስ በ25ኛው ምዕራፍ ከተናገረው ከ70 ዓመት 4 የጐደለ ነው፤ መልእክተኛው ከነጻነቱ አስቀድሞ ሊነቃ ይገባዋልና። አንድም፥ ኢየሩሳሌም የጠፋችው በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው ቢሉ፥ ከዚያ 66 ዓመት ሲቈጠር 520 ይሆናል፤ ይህም ሐጌና ዘካርያስ ቤተ መቅደሱ እንዲሠራ ሕዝቡን ያስነሡበት ዓመት ነው። አንድም፥ በዚህ ዘመን ካሉ መርማሪዎች አንዳንዶቹ መጽሐፉ ሮማውያን በ70 ዓመተ ልደት ሁለተኛውን ቤተ መቅደስ ካፈረሱ በኋላ ለተበተኑት መጽናኛ ተጻፈ ይላሉ፤ ከዚያም 66 ሲቈጠር 136 ይሆናል። ይህ ሁሉ ቢለያይም ፍሬው አንድ ነው፤ ፍርስራሽ የመጨረሻ ነገር አይደለም።

ዋናው ምሥጢር ግን በሁለቱ ምስክሮች ዘንድ ነው፤ እነርሱም ቅርጫቱና እርሻው ናቸው። ቅርጫቱ ምን እንደ ተጠበቀ ይመሰክራል፤ እርሻው ምን ያህል ዘመን እንዳለፈ ይመሰክራል። አቤሜሌክ ቅርጫቱን ብቻ ተመልክቶ ቢቀር፥ እውነተኛውን ሽማግሌ እብድ ባደረገው ነበር። እርሻውን ብቻ ቢያይ፥ የተሰጠውን አደራ ጥሎ ባለቀሰ ነበር።

ከጥፋት በኋላ ነቅተው ይህን መንገድ ያላገኙ አሉ። አይሁድ በታልሙድ ስለ ሖኒ ይናገራሉ፤ ከ70 ዓመት በፊት አያፈራም የሚባል ዛፍ ሲተከል አይቶ ተኛ፥ በነቃም ጊዜ የተካዩ የልጅ ልጅ ፍሬውን ሲለቅም አገኘ። ወደ ቤቱ ሄዶ ሖኒ ነኝ ቢል የሚያምነው አጣ፤ ወደ ትምህርት ቤት ቢገባ ስሙን እያነሡ ያመሰግኑታል፥ እርሱን ግን አያውቁትም። ባልንጀራ ስላጣም ሞቱን ለምኖ ሞተ። ሰባቱ የኤፌሶን ልጆችም ከዳኬዎስ ስደት ሸሽተው በዋሻ ተኙ፤ ዳኬዎስ ከ249 እስከ 251 ዓመተ ልደት የነገሠ የሮም ቄሣር ነው። የነቁት ከ408 እስከ 450 በነገሠው በሁለተኛው ቴዎዶስዮስ ዘመን ነው ይባላል። እንጀራ ሊገዛ የወጣው ልጅ በያዘው በአሮጌው ገንዘብ ተገለጡ፤ ስለ ትንሣኤ ሙታንም ምስክር ሆነው ደግመው ዐረፉ። ሖኒ በብቸኝነት ሞተ፤ ሰባቱ መስክረው ዐረፉ፤ ከእነዚህ መካከል ነቅቶ ወደ ሥራው የተመለሰ አቤሜሌክ ብቻ ነው።

ይህም ነገር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በመሪ ቆሞ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው የየካንና የእንጦጦን ተራራ ያያል። በየካ ተራራ ከዓለት የተፈለፈለ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጣራው ፈርሶ ዓምዶቹና ግድግዳዎቹ ለፀሐይና ለዝናም ተጋልጠዋል። በትውፊት የአብርሃ ወአጽብሐ ሥራ ነው ይባላል፤ የድንጋይ ሥራን የመረመሩ ሊቃውንት ግን ከዚያ በኋላ በመካከለኛው ዘመን የታነጸ ነው ይላሉ። መጋቢት 1521 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግል በሽንብራ ኵሬ በኢማም አሕመድ ድል ከሆኑ ጀምሮ፥ ኢማሙ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ እስኪሞት ድረስ፥ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ የነገሥታቱም ከተማ ጠፋ። በራራ የሚባለው የነገሥታት ከተማ ወዴት እንደ ነበረ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ከ300 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው ወደ እንጦጦ በመጡ ጊዜ በተራራው ላይ የጥንት ፍርስራሽ ተገኘ፤ የቀደሙት ነገሥታት ከተማ ነው ተብሎም ደስታ ሆነ። ስለዚህ በዚያ ከተሙ፤ እንጦጦ ማርያምንም አሠሩ፥ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያ ተቀብተው ዘውድ ጫኑ። አስቀድሞም በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምክንያት ከተራራው በታች በፍልውኃ አጠገብ አዲስ አበባ ተቈርቍራ ነበር።

ይህ የቅርጫቱ ምስክርነት ነው፤ የተቀበረው እንዳልጠፋ አሳይቷልና። ነገር ግን እርሻውም አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ምድሪቱ አልተኛችም፤ ጕለሌና ኤካ የሚባሉ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች በእነዚያ ተራሮችና ሸለቆዎች አርሰዋል፥ ከብት አሰማርተዋል፥ አባቶቻቸውን ቀብረዋል። ከተማዪቱ በሰፋች መጠን ብዙዎቹ ከርስታቸው ተነሡ። ፍርስራሹን ያገኘ ሰው ርስቴን አገኘሁ ሲል፥ ከእርሻ የሚመጣውን ሽማግሌ ይህች አገር ማን ናት፥ እዚህስ ማን ኖረ ብሎ ሊጠይቅ ይገባው ነበር። አቤሜሌክ ጠየቀ፥ የሰማውንም ምንም ቢመርረው ተቀበለ። ያልጠየቀ ግን ዐይኑ ተገልጦ ሳለ ገና አልነቃም።

የአቤሜሌክም ፍጻሜ ይህን ያጸናል። ሽማግሌውን ከበለሱ ሰጠው፤ አስቀድሞ ያካፈለው እውነቱን የነገረውን እንግዳ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ መልአክ መርቶ በመቃብር ተቀምጦ ወደሚያለቅሰው ወደ ባሮክ አደረሰው። ባሮክም ደብዳቤ ጽፎ ከቀረው በለስ ጋራ በንስር አስይዞ ወደ ባቢሎን ላከ፤ ኤርምያስም በለሱን ተቀብሎ ለሕዝቡ ድውያን ሰጠ።

እነሆ፥ ለድውያን በለስ አምጣ የተባለው ትእዛዝ ከ66 ዓመት በኋላ ተፈጸመ። አገር ጠፋ፥ ንጉሥ ተማረከ፥ መቅደስ ተቃጠለ፤ ትእዛዙ ግን አልተሻረም። ስለዚህ ካህን ቢሆን ወይም መኰንን፥ ከአባቶቹ ፍርስራሽ ላይ የቆመ ሰው ሦስት ነገር ያስብ። የተጠበቀለት በለስ ለራሱ እንዳልሆነ ይወቅ። በዕንቅልፉ ጊዜ ሌላው ነቅቶ ምድሪቱን እንዳረሰ ይመን። የላከውም ሳይቈጣ ተነሥቶ በለሱን ለድውዩ ያድርስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።