የተደበቀችው አገርና ጎረቤቶቿ

ዋካንዳ የምትባል አገር የለችም። ይህን ቀድመን የምንጽፈው ከአንባብያን መካከል የማያውቅ ይኖራል ብለን አይደለም። እዚሁ አማራት ውስጥ ወጣቶቻችን «ብላክ ፓንተር» የተባለውን ፊልም በስልክ አይተው «እንዲህ ያለች አገር ብትኖር ኖሮ የት ትሆን ነበር? ማንስ ያምን ነበር?» እያሉ ሲከራከሩ ሰምተናል፤ ጥያቄውም በሳቅ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም። ለመጀመሪያው ጥያቄ የፊልሙ ሰዎች ራሳቸው መልስ ሰጥተዋል። በካርታቸው ላይ ዋካንዳ የተቀመጠችው ከቱርካና ሐይቅ በስተሰሜን፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ደቡብ ሱዳን በሚቀራረቡበት ምድር ነው። ከጁባ ተነሥቶ በቶሪትና በካፖኤታ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ደጃፏ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ የጎረቤት ነገር ሆነ። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልን።)

ዋካንዳን በመጀመሪያ የፈጠሯት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ጊዜውም 1966፣ ቦታውም የሥዕል ታሪክ መጽሔት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከሰማይ የወደቀ ድንቅ ብረት ያላት፣ ቅኝ ገዥ ያልረገጣት፣ በሥልጣኔ ዓለምን ሁሉ የቀደመች፣ ነገር ግን ራሷን ደሃ አስመስላ የተደበቀች አፍሪካዊት አገር። ራያን ኩግለር በ2018 በፊልም ሲያቀርባት ግን ቀላሉ ሐሳብ ከባድ ሥራ ጠየቀ። የትዕይንቱን ገጽታ የነደፈችው ሐና ቢችለር ስለዚህች ስለሌለች አገር ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ማስታወሻ አዘጋጀች። ተመልካች ከዚያ ውስጥ የሚያየው ጥቂቱን ነው፤ የትምህርት ዝግጅት ሳይዝ ክፍል የሚገባ መምህር ከዚህች ሴት ቢማር አይጎዳም። ልብሱን የነደፈችው ሩት ካርተር ብርድ ልብሱን ከሌሶቶ፣ ጌጡን ከማሳይ አመጣች፤ ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገው ሽማግሌም የእኛዎቹን ሱርማና ሙርሲ ያስታውሳል። ሁለቱም በ2019 በየሙያቸው ኦስካር ተሸለሙ።

ከዚህ ሁሉ መካከል እኛን ያላሳመነን ቋንቋው ነው። የዋካንዳ ሰዎች የሚናገሩት ኮሳ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ ነው፤ ከቱርካና ሐይቅ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይነገራል። ወደ ፊልሙ የገባውም የጀግናውን አባት ሆኖ የተጫወተው ጆን ካኒ የራሱ ቋንቋ ስለሆነ ነው። ርቀቱስ ይቅር ይባላል። ነገር ግን ኮሳ የሚታወቅበት፣ ምላስ ከላንቃ ጋር እየተላቀቀ የሚጮኸው ድምፅ፣ ከጎረቤቶቹ ከኮይና ከሳን ሕዝቦች የተገኘ ነው፤ አብሮ በመኖር፣ በመጋባት፣ በመገበያየት። ከማንም ጋር አልተቀላቀልንም የሚል ሕዝብ አፉን በከፈተ ቁጥር ከስንቱ ጋር እንደተቀላቀለ ይመሰክራል! አማርኛም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም። ሴማዊ ቋንቋ ነው እንላለን፤ ግሡን ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ግን እንደ አገውኛና እንደ ሌሎቹ የኩሽ ቋንቋዎች ነው።

ወደ መሬቱ እንመለስ። ዋካንዳ ተደበቀችበት በተባለው አካባቢ በእውነት ያለው የኢሌሚ ሦስት ማዕዘን ነው። ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ደረቅ የግጦሽ ምድር ሲሆን፣ ስሙ ኢሌሚ አክዎን ከተባለ የአኙዋክ አለቃ መጣ ይባላል። እንግሊዞች በ1907 ከዐፄ ምኒልክ ጋር ድንበር ተዋዋሉ፤ በ1914 በሱዳንና በኡጋንዳ መካከል ሌላ መሥመር አሰመሩ፤ ከዚያም ወዲህ በመሥመር ላይ መሥመር ተጨመረ። ዛሬ የምታስተዳድረው ኬንያ ናት፤ ደቡብ ሱዳን ደግሞ የእኔ ነው ትላለች። በካርታ ላይ እንዲህ የደበዘዘ ምድር ለደራሲ ሲሳይ ነው። ግን አገሪቱ የምትደበቀው ከማን ነው? ቶፖሳው፣ ኛንጋቶሙ፣ ቱርካናው፣ ዳሰነቹና ዲዲንጋው ከብቱን እየነዳ ሣርና ውኃ ፍለጋ በዚያ ምድር ይመላለሳል። ከካርታ ሠሪ መደበቅ ይቻል ይሆናል፤ ከእረኛ ግን አይቻልም። ፊልሙ ይህን የተረዳው ይመስለናል፤ በዳር አገር ያሉትን ዋካንዳውያን ብርድ ልብስ የደረቡ ገበሬና እረኛ አስመስሎ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። አገሪቱን ከሚጋርደው የብርሃን መጋረጃ ይልቅ እኛን ያሳመኑን እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ደግሞ የተዘጋች አገር ልትሠለጥን ትችላለች ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ከእኛ ታሪክ የቀረበ ምስክር የለም፤ ዋካንዳ ከመፈጠሯ በፊት አውሮፓውያን ኢትዮጵያን ዋካንዳ አድርገዋት ነበርና። በ1165 ገደማ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ጻፈው የተባለ የፈጠራ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሠራጨ። ባለጠጋና ኃያል፣ ግን ማንም ያላየው ክርስቲያን ንጉሥ! መጀመሪያ በእስያ ፈለጉት፤ ሲያጡት ወደ እኛ አዛወሩት። የሚያስቀው ግን የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ነብሮች ይዘው ቬኒስ መግባታቸው ነው፤ የሄዱበት አንዱ ጉዳይም የእጅ ባለሙያዎችን ለማምጣት ነበር። ድብቅ የተባለው ንጉሥ ባለሙያ ፈልጎ የሰው ደጅ ያንኳኳ ነበር ማለት ነው። በ1902 እና በ1903 ደግሞ ፖሊን ሆፕኪንስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ፣ እዚሁ ዓባይ ዳር በሜሮዌ ፍርስራሽ ሥር፣ የተደበቀች የኢትዮጵያውያን ከተማ በልቦለድ ፈጠረች። በባርነት ለተዋረደ ወገን እንዲህ ያለች ከተማ መጽናኛ ናት፤ እኛም አንነፍግም።

ታሪኩ ግን ሌላ ነው። አክሱም ገናና የሆነችው በአዱሊስ ወደብ ነበር፤ የግሪክ ጽሑፍ ያለበት የወርቅ ገንዘቧ በየመንና በሕንድ ተገኝቷል። በሩ የተዘጋው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ በመሆናቸው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዘውዱን ለልጃቸው ለቀቁ፤ ዐፄ ፋሲለደስም የኢየሱሳውያንን ሚሲዮናውያን አባረሩ፤ ተመልሰው እንዳይገቡም ከምፅዋና ከሱዋኪን የቱርክ ፓሻዎች ጋር ተስማሙ። ምክንያት ያለው መዝጋት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ በሩን ክፍት ይተዉት ነበር ብለን አንፈርድም። ቢሆንም መስኮቱ አልተደፈነም። ሖጃ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ የነገሥታቱ መልእክተኛ ሆኖ እስከ ሕንድና እስከ ባታቪያ ተመላለሰ፤ በ1699 ደግሞ ዐፄ ኢያሱን ሊያክም ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ጎንደር ገባ። የዋካንዳም ሰላዮች በዓለም ሁሉ ተሰማርተው ያዩትን ለአገራቸው ያቀብላሉ። ደራሲዎቹ መስኮት የሌለውን ቤት የሚያምን እንደማይኖር አውቀዋል።

መስኮት ግን እንደ በር አይሆንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ይዘው መድፍ ያስቀረጹት፣ ሌላው ዓለም በ200 ዓመት የተማረውን በአንድ ዘመን ለመያዝ ነበር። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለረጅም ጊዜ መልስ ሳያገኝ ቆየ። ሴባስቶፖል፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ፣ እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ በ1868 የናፒየርን ጦር ግን አላቆመም። እንግሊዞች ዘረፋቸውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወረዱ። በፊልሙ ውስጥ ኪልሞንገር የተባለው ሰው በለንደን ሙዚየም ቆሞ ስለተዘረፈው ዕቃ አስጎብኚዋን ሲጠይቅ ያያችሁ፣ መቅደላን አስታውሱ። በዚያው በ2018 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ንብረት ለትዕይንት አቅርቦ ነበር፤ በብሪቲሽ ሙዚየም የተቀመጡት 11 ታቦታት ደግሞ ለሕዝብ አይታዩም። ለዚያ ትዕይንት ብዙ መፍጠር አላስፈለገም። በ1896 በዐድዋ የተተኮሰው ጠመንጃስ? ከሰማይ አልወደቀም፤ ከፈረንሳይም፣ ከሩሲያም፣ ከራሷ ከኢጣሊያም የመጣ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ማን ምን እንደሚሸጥ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

አሁን እኛን ወደሚነካው እንምጣ። በፊልሙ ናኪያ የተባለችው ሴት አገራችን ስደተኛ ልትቀበል፣ የተቸገረውንም ልትረዳ ትችላለች ብላ ንጉሡን ትሞግተዋለች። የዳር አገር ጠባቂዎች አለቃ ዉካቢ ግን ስደተኞች ሲገቡ ችግራቸውንም ይዘው ይገባሉ፣ ያን ጊዜ ዋካንዳ እንደማንኛውም አገር ትሆናለች ይላል። ዋካንዳን ከሁሉ በላይ አገር ያስመሰላት ይህ ንግግር ነው። በራሪ መርከብ ያለውን ኅብረተሰብ ማመን ያስቸግራል፤ እንዲህ የሚናገር ሹም ግን ከእኛ መካከል ያላየ የለም። ዉካቢ ክፉ ሰው አይደለም። አገሩን ይወዳል፤ ለንጉሡም ወዳጅ ነው። እውነት የሚመስለውም ስለዚህ ነው።

እስቲ አስቡት። ዋካንዳ በእውነት እዚያ ብትኖር ኖሮ፣ በ1955 ቶሪት ላይ ተኩስ ሲከፈት ወሬው በአንድ ሳምንት ይደርሳት ነበር። በ1983 ጦርነቱ እንደገና ሲነሣ፣ በዲሴምበር 2013 ጁባ ራሷ ስትነድ፣ ሰላዮቿ ሁሉንም ይነግሯት ነበር። የሸሸው ሰው ታዲያ ወደ ማን ሄደ? ወደ ጋምቤላ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኢታንግ ብቻ ከ200,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ነበረባት፤ ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ረሃብና ጦርነት የተደራረበባት አገር ነበረች። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ያ ሁሉ ሰው ወደሸሸው ጦርነት መመለሱንም አንደብቅም። ደቡብ ሱዳንም እኛን ስትቀበል ጠግባ አልነበረም። በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱትን የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ ደግሞ እንግዶቹን ያገኛቸው አገሩ ከባሕር ማዶ ስለታወቀች ነው፤ ወደማይታወቅ አገር የሚሰደድ የለም።

ፊልሙ ሲያልቅ ንጉሡ በአባቶቹ ሥራ ያፍራል፤ አገሩንም ለዓለም ይገልጣል። እዚህ ላይ ደራሲዎቹ ደከሙብን። የመጀመሪያው የእርዳታ ማዕከል የሚቋቋመው በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ ነው። ምክንያቱ አይጠፋንም፤ ኩግለር የኦክላንድ ልጅ ነው፣ በታሪኩም የንጉሡ አጎት የተገደለው እዚያው ነው። በ2022 በወጣው በሁለተኛው ፊልም ደግሞ ሌላ ማዕከል ማሊ ውስጥ አየን። ኦክላንድ፣ ከዚያ ማሊ። ከድንበሩ ማዶ ከብቱን ውኃ የሚያጠጣው ቶፖሳ እስከ አሁን ድረስ በፊልሙ ውስጥ አልታየም፤ ለካፖኤታም አንዲት ክሊኒክ አልተሠራላትም።