የአሳላፊ ሥዕል ታሪክ፤ ከትሬሲንግ ወረቀት እስከ አልፋ

ንድፍ ሁሉ በእጅ በሚሠራበት ዘመን መሐንዲሱ የአንደኛውን ፎቅ ፕላን በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና የሁለተኛውን ፎቅ ትሬሲንግ ወረቀት ከበላዩ ያነጥፍ ነበር። የላይኛው ዓምድ በታችኛው ዓምድ ላይ መቆሙን በዓይኑ ያረጋግጣል፤ ከተዛነፈም ስሕተቱ ኮንክሪት ሳይሆን በፊት በወረቀት ላይ ይታረማል። ይህን ያስቻለው ብርሃን በወረቀቱ ውስጥ ማለፉ ነው። ዛሬ በጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም አንድን ሥዕል ወይም ቅርጽ አሳላፊ ስናደርግ ግን የሚያልፍ ብርሃን የለም። የሚታየን የስሌት ውጤት ነው።

የዚህ ስሌት ታሪክ የሚጀምረው ከቢሮ ሳይሆን ከፊልም ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤድ ካትሙል እና አልቪ ሬይ ስሚዝ በኮምፒዩተር ሥዕል ላይ ይመራመሩ ነበር። አንድን ቅርጽ በልዩ ልዩ መደብ ላይ ለማሳየት ሥዕሉን በየጊዜው ከመነሻው ማስላት ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ከዚህም በላይ በቅርጹ ጠርዝ ላይ ያለች ፒክስል ከፊሏ የቅርጹ፣ ከፊሏ የመደቡ ስለምትሆን አንድ ቀለም ብቻ ሊሰጣት አይችልም። ሁለቱ ባለሙያዎች በ1977 ያገኙት መፍትሔ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ አራተኛ ቁጥር ከሥዕሉ ጋር ማስቀመጥ ነበር። ይኸውም ፒክስሏ ምን ያህል እንደምትሸፍን የሚናገር ቁጥር ነው። ስሙንም አልፋ አሉት። ስያሜው ከመጻሕፍቱ አልፋና ኦሜጋ የመጣ አይደለም፤ ሁለት መጠኖችን በየድርሻቸው ለማደባለቅ በሚያገለግለው የሂሳብ ቀመር ውስጥ ካለው ፊደል የተወሰደ ነው።

የስሌቱ አሠራር ቀላል ነው። የላይኛው ቀለም በአልፋ ይባዛል፤ የታችኛው ቀለም ከ1 አልፋ ተቀንሶ በቀረው ይባዛል፤ ሁለቱ ይደመራሉ። ጥቁር ማኅተም (ቁጥሩ 0) በነጭ ገጽ (ቁጥሩ 255) ላይ በ80 በመቶ አሳላፊነት ቢያርፍ አልፋው 0.2 ይሆናል። ከማኅተሙ 0፣ ከገጹ 204 ስለሚገኝ ድምሩ 204፣ ማለትም ፈዛዛ ግራጫ ነው። በዚህ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል ያለ ችግር ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በ1984 በሉካስፊልም ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ፖርተር እና ቶም ደፍ ሥዕልን በሥዕል ላይ የማነባበር ሕግጋትን በተሟላ የሂሳብ ሥርዓት አቀረቡ። በ1996 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ አራቱንም በቴክኒክ ሽልማት አከበራቸው።

ዕውቀቱ ከፊልም ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛችን ለመድረስ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደ። በዚያው በ1984 የወጣው የፖስትስክሪፕት የኅትመት ቋንቋ እያንዳንዱን ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ቈጥሮ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍን ነበር። የ1989ኙ የጂአይኤፍ ፎርማት አንድ ቀለም ብቻ መርጦ ፈጽሞ እንዳይታይ ያደርጋል፤ መካከለኛ ደረጃ አያውቅም። ሙሉ አልፋ የሚይዘው ፒኤንጂ በ1996 ወጣ፤ ፒዲኤፍም አሳላፊነትን የተቀበለው በ2001 በ1.4ኛው ዕትሙ ነው።

በጽሑፍ ማቀናበሪያውም የዚህ ታሪክ አሻራ ይታያል። በማይክሮሶፍት ወርድ የቅርጽን ሙሌት በመቶኛ አሳላፊ ማድረግ ሲቻል ሥዕልን እንዲሁ ማድረግ ግን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በቀጥታ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ባለሙያው ሬክታንግል ሠርቶ ሥዕሉን በሙሌትነት ያስገባና የሙሌቱን አሳላፊነት ይጨምር ነበር። አንድን ቀለም አሳላፊ የሚያደርገው ትእዛዝ በበኩሉ የጂአይኤፍን ጠባይ ይዟል። በስካነር የተነሣ ማኅተም ነጩ መደብ ሲወገድለት በዙሪያው ነጣ ያለ ጠርዝ ይቀራል፤ ቀለምና ነጭ የተደባለቁባቸው ፒክስሎች ከተመረጠው ቀለም ጋር አንድ አይደሉምና። ካትሙልና ስሚዝ የገጠማቸው የጠርዝ ችግር ይኸው ነበር።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አንድ ገጠመኝ አስተምሮኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተሳተፍሁበት አንድ ጨረታ፣ የሰነዱ አዘጋጅ የአንዱን ተጫራች ዋጋ በጥቁር ሬክታንግል ሸፍኖ ለሌሎች ተወዳዳሪዎች ላከ። ወረቀት ቢሆን ኖሮ በቂ ነበር። ነገር ግን አንድ ተቀባይ ቅርጹን ወደ ጎን ገፋ ቢያደርገው ቁጥሩ እንደ ተጻፈ ከሥሩ ተገኘ። ጨረታው ተሰረዘ፤ የብዙ ሰዎች የወራት ድካምም ከንቱ ሆነ። አዘጋጁ የተሸፈነው የጠፋ መስሎት ነበር።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቼ ልብ ሊሉት የሚገባ ቁም ነገር ይህ ነው። በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ማንኛውም ነገር በንብርብር ይቀመጣል፤ የላይኛው መቶ በመቶ ቢሸፍንም የታችኛው ከቦታው አልተነሣም። ማኅተም ወይም አርማ በስሌት ሠንጠረዥ ላይ የምናሳርፍ ከሆነ ቁጥሩ እስኪነበብ ድረስ እናሳሳው። ምስጢር የምንጠብቅ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ራሱን እንሰርዘው እንጂ በቅርጽ አንመን። ትሬሲንግ ወረቀቱን እያነሣ ከሥሩ ያለውን ይመረምር የነበረው የቀድሞው መሐንዲስ ልማድ ዛሬም አላረጀም።