የእጅ አንጓና የእጅ አጥንቶች ስብራት፦ ምርመራ፣ ሕክምናና ጥንቃቄ

ሰው ሲወድቅ ራሱን ለማዳን መዳፉን ስለሚዘረጋ የሰውነቱ ክብደት በእጅ አንጓው ላይ ያርፋል። በዚህ ጊዜ በብዛት የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት የታችኛው ጫፍ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች አጥንታቸው ስለሚሳሳ አዳልጧቸው በመውደቅ ብቻ ሊሰበሩ ይችላሉ። «ጣቶቼ ስለሚንቀሳቀሱ አልተሰበርኩም» የሚለው ግምት የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ አጥንቱ ተሰብሮ ጣት ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ጉዳት የደረሰበት ሰው ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይጨምር ማውለቅ፣ እጁን በነበረበት ሁኔታ በለስላሳ ነገር ደግፎ በአንገት ማንጠልጠያ መያዝና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ማሸትና መጎተት የተሰበረውን አጥንት ያንቀሳቅሳል፤ ነርቭና የደም ሥርም ሊጎዳ ይችላል። ቆዳው ተቀዶ አጥንቱ ከታየ ወይም ቁስሉ ከስብራቱ ጋር ከተገናኘ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

በተቋሙ ባለሙያው የጣቶቹን ሙቀት፣ ስሜትና እንቅስቃሴ ከመረመረ በኋላ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ ራጅ ያዛል። የራጅ አገልግሎት የሌለው ጤና ጣቢያ ታካሚውን በሪፈራል ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይልካል። ቦታውን የለቀቀ አጥንት በማደንዘዣ ወደ ቦታው ይመለስና በአብዛኛው ለ6 ሳምንታት ያህል በጄሶ ይቆያል። ስብራቱ መገጣጠሚያውን ከከፈለ ወይም በጄሶ ካልረጋ በቀዶ ሕክምና ሽቦ ወይም ብረት ሊገባለት ይችላል።

በአውራ ጣት ሥር የምትገኘው ትንሽ አጥንት፣ በሕክምና ስሟ ስካፎይድ፣ የተለየ ትኩረት ትሻለች። ስብራቷ በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል፤ የደም አቅርቦቷም አነስተኛ በመሆኑ ሳትታከም ከቀረች ላትጠገን ትችላለች። ስለዚህ አውራ ጣት ሲዘረጋ ከሥሩ የሚታየው ጎድጓዳ ቦታ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ራጁ «ደህና ነው» ቢባልም እጁ ይታሰርና ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገማል። ይህን ቀጠሮ ማሳለፍ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው የጠበቀ እስር አደጋ ነው። ብዙ ቤተሰቦች በቅርበታቸውና በልማዳዊ አመኔታ ምክንያት አስቀድመው ወደ ወጌሻ ይሄዳሉ። ሆኖም የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ ዙሪያውን በቀርከሃ ስንጣሪና በጨርቅ ከተጠፈነገ እብጠቱ መውጫ ስለሚያጣ የደም ዝውውሩ ይታፈናል። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደማይመለስ ጉዳት ይደርሳል፤ ከዚያ እጁ ሊኮማተር፣ ወደ ጋንግሪንም ሊለወጥ ይችላል። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናት በተደጋጋሚ ታይተዋል። የሚያሳዝነው፣ የመጀመሪያው ስብራት ብዙ ጊዜ ቀላል መሆኑ ነው።

ምልክቶቹ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ መባሱ፣ ጣት ቀስ ተብሎ ሲዘረጋ ከባድ ሕመም መሰማቱ፣ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣት ወይም መጥቆር ናቸው። ትንሽ ልጅ ማልቀሱን ካላቆመ ጣቶቹን ማየት ይገባል። ከነዚህ አንዱ ሲታይ ነገን ሳይጠብቁ የታሰረውን ጨርቅ ሙሉ በሙሉ መፍታትና ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። በጤና ተቋም የተደረገ ጄሶም ቢሆን ሊጠብቅ ስለሚችል፣ ታካሚው በማንኛውም ሰዓት ተመልሶ እንዲከፈትለት መጠየቅ ይችላል።

ሳይወድቁ የሚመጣ የአውራ፣ የጠቋሚና የመሃል ጣት መደንዘዝ፣ በተለይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ በአንጓ ላይ የሚያልፍ ነርቭ መጫኑን ያመለክታል። በነፍሰ ጡሮችና በስኳር ሕሙማን ላይ ይበዛል። ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ብዙዎችን ያሽላል፤ የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ መሟሸሽ ከጀመረ ግን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሊያየው ይገባል።