ጃንዋሪ 1 በጥቁር ሕዝቦች ታሪክ

ጃንዋሪ 1 በጥቁር ሕዝቦች ታሪክ ሲነሣ ቀድመው የሚጠቀሱት የሔይቲ ነጻነትና የሊንከን አዋጅ ናቸው። በአሜሪካ ደቡብ በባርነት ለኖሩት ግን ዕለቱ ከሊንከን አዋጅ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ይታወቅ የነበረውም በክፉ ነው። አዝመራው ገብቶ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ጌታው ሰዎቹን ለዓመት የሚያከራየው፣ ዕዳ የያዘውም የሚሸጠው በዚህ ቀን ነበር። «የኪራይ ቀን» ይባል ነበር። ራሷም በባርነት የኖረችው ሃሪየት ጃኮብስ በ1861 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ሰባት ልጆቿን ይዛ ወደ ጨረታ ስለቀረበች እናት ጽፋለች። እናቲቱ ከመካከላቸው ጥቂቱን እንደሚወስዱባት ታውቅ ነበር፤ የወሰዱት ግን ሁሉንም ነው። የዕለቱ ታሪክ ከዚህች እናት መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

በዚሁ ዕለት በ1804 የሔይቲ ዐማፅያን መሪ ዴሳሊን የናፖሊዮንን ጦር ካባረረ በኋላ በጎናይቭ ከተማ የሔይቲን ነጻነት አወጀ። በባርነት የነበሩ ሰዎች ዐምፀው የራሳቸውን መንግሥት ሲያቆሙ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሔይቲያውያን ዛሬም በዕለቱ የዱባ ሾርባ ይበላሉ፤ በባርነት ዘመን አብስለው ለጌቶች ያቀርቡት እንጂ አይቀምሱትም ነበር። በ1808 ደግሞ አሜሪካ ባሮችን ከውጭ ማስገባትን የሚከለክለው ሕግ በዚሁ ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ የአገር ውስጡ ንግድ ግን ይበልጥ ደራ።

ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ባሮችን ነጻ ለማውጣት ያወጣው የ1863ቱ አዋጅ የደቡብ አማፅያንን ግዛቶች ብቻ ስለሚመለከት «በዕለቱ ነጻ የወጣ ሰው የለም» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ደሴቶች በሰሜኑ ጦር እጅ ስለነበሩና ከአዋጁም ስላልተገለሉ፣ በዚያ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያው ቀን በሕግ ነጻ ሆነዋል። በቦፈርት አቅራቢያ፣ ካምፕ ሳክስተን በተባለው ሰፈር፣ ዐሥር ያህል ሰንጋ ተጠብሶ ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። አዋጁ ተነቦ በዚያ የሰፈረው የጥቁሮች ክፍለ ጦር አዛዥ ኮሎኔል ሂጊንሰን ሰንደቅ ዓላማውን ሲቀበል፣ አንድ አረጋዊና ሁለት ሴቶች ማንም ሳያዛቸው ስለ አገር የሚዘመር መዝሙር አነሡ። መድረክ ላይ የነበሩት ነጮች ሊያጅቧቸው ሲሉ ኮሎኔሉ ዝም አሰኛቸው። በሥነ ሥርዓቱ ዝርዝር ውስጥ ያልነበረው ይህ ዝማሬ ለታሪክ ጸሐፊ ከንግግሮቹ ሁሉ ይበልጣል እላለሁ፤ አገሪቱን የራሳቸው ያደረጉት እነሱው ናቸውና።

አዋጁ ጥቁሮች በሠራዊቱ እንዲሰለፉም ፈቅዷል፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 180,000 ያህሉ ዘምተዋል። አዋጁ ባልነካቸው በኬንታኪና በደለዌር ግን ባርነት እስከ ዲሴምበር 1865፣ 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እስኪጸድቅ ድረስ፣ ሕጋዊ ሆኖ ቆየ።