የፎቶ ማሳነሻዎቹ የዘር ሐረግ

አንድ የስልክ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው እንበል። ፋይሉ ሦስት አራት ሜጋባይት ቢመስልም፣ ተፈትቶ ሚሞሪ ውስጥ ሲገባ ለፒክስል 3 ባይት እንኳ ብንቆጥር 36 ሜጋባይት ይሆናል። አሥር ሰው በአንዴ ሲጭን አስቡት። ፎቶ የምቀበልበት ድረ ገጽ ያለበት ሰርቨር ደግሞ ሚሞሪው 1 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ የማሳነሻዎቹን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ፤ ከመመሪያቸው ይልቅ ታሪካቸው ብዙ ይናገራል።

አንጋፋው ኢሜጅማጂክ ነው። ጆን ክሪስቲ በ1987 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ ሚሊዮን ቀለም ያለውን ምስል 256 ቀለም ብቻ በሚያወጣ ስክሪን ለማሳየት ጻፈው። በ1990 በነጻ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የማይከፍተው ፎርማት የለም ማለት ይቻላል። መዘዙም ከዚሁ መጣ። አንዳንዱን ፎርማት ለመክፈት ሌላ ፕሮግራም ይጠራል፤ በሜይ 2016 ኢሜጅትራጂክ የተባለው ክፍተት ሲገለጥ፣ ፎቶ መስሎ የገባ ፋይል ሰርቨሩን እንዳሻው ሊያዝዘው እንደሚችል ታየ። እንግዳ ብለህ ያስገባኸው ሰው የቤቱን ቁልፍ ሲቀበልህ ማለት ነው።

የቶማስ ቡቴል ጂዲ ከፒኤችፒ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙዎቻችን ሳንመርጠው ነው የምንጠቀምበት። በዩኒሲስ ፓተንት ምክንያት ጂፍ መጻፍን ለዓመታት ተወ፣ በ2004 መለሰው። ግን ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል፤ የኛ ፎቶ 48 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው።

ልቤን የወሰደው ሊብቪፕስ ነው። ሥሩ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ገንዘብ የሰጠው የቫሳሪ ፕሮጀክት ነው፤ የለንደኑ ናሽናል ጋለሪም ነበረበት። የጥንት ሥዕሎችን በከፍተኛ ጥራት ሲያነሱ ምስሉ በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ሚሞሪ ውስጥ አይገባም። መፍትሔው ምስሉን ቆራርሶ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እያነበበ መሥራት ሆነ። ድህነት ያስተማረው ብልሃት ይመስላል፣ ለሥዕል ሀብታሞች የተሠራ ቢሆንም። ጄፔግን ደግሞ ገና ሲፈታው እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ አሳንሶ ይቀበላል።

እንከኑ፣ ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። እኔ የራሴን ሰርቨር ስለምከራይ እሱን መረጥኩ። የምቀበለው ጄፔግና ፒኤንጂ ብቻ ነው፤ ስፋቱን ከፋይሉ ራስጌ አንብቤ ከልክ ካለፈ ሳልፈታው እመልሰዋለሁ።